የ10 ሳንቲም ስፌት፣ የ158 ሳንቲም ቀረጥ፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጉዳይ

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ለአገራቸው ኮንግረስ ደብዳቤ ጻፉ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ከአጎዋ፣ ተጠቃሚነት ትወጣለች ይላል። የተሰጠው ምክንያት በሰሜኑ ጦርነት ተፈጽሟል የተባለው ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው። ጊኒና ማሊም አብረው ተነሱ። ውሳኔው ሥራ ላይ የሚውለው ታኅሣሥ 23 ቀን ነበር። በመካከሉ የቀረው 60 ቀን ብቻ ነው።

በዚያው የፈረንጆች ኅዳር ፒቪኤች ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ፒቪኤች ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት የልብስ ብራንዶች ባለቤት ነው። ኩባንያው ለመዝጋቱ የሰጠው ምክንያት የአገሪቱ ሁኔታ በፍጥነት መባባሱን ነው። እሱ የሄደው ጦርነቱን አይቶ ነው ቢባል እንኳ፣ ሐዋሳ ያሉት ሌሎቹ ፋብሪካዎችስ? ከሐዋሳ መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የሚካሄድ ጦርነት ስፌት መኪናቸውን አላቆመውም። ግን እነሱም ትእዛዝ አጡ፣ ላይን (ሰፊዎች በተርታ ተቀምጠው የሚሠሩበትን መስመር) ዘጉ፣ አንዳንዶቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ስለዚህ ጉዳይ የተባለው አብዛኛው ነገር ፖለቲካውን የሚመለከት ነው። እኔ ከስፌት መኪናው በኩል ላየው እፈልጋለሁ። ጋርመንት (የልብስ ስፌት) ፋብሪካ ውስጥ በየቀኑ የሚነገሩ ጥቂት ቃላት አሉ፦ ኤስ.ኤም.ቪ.፣ ሲ.ኤም.ቲ.፣ ኤፍ.ኦ.ቢ.፣ የሦስተኛ አገር ጨርቅ። እነዚህን የያዘ ሰው አንድ ደብዳቤ ያን ሁሉ ሥራ እንዴት እንዳናጋ ይገባዋል። ከማንም በላይ ሊያውቋቸው የሚገባቸው ደግሞ መኪናው ላይ የተቀመጡት ልጆች ናቸው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ነው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መርቀው ከፈቱት። የገነባው የቻይናው የሲቪል ምሕንድስና ኮንስትራክሽን ኩባንያ ሲሆን ዘጠኝ ወር ገደማ ፈጀበት። ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ 52 ሼድ ተሠራ። ፍሳሹ ተጣርቶ መልሶ ሥራ ላይ ይውላል እንጂ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ ተደርጎ ነው የተነደፈው። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60 ሺህ ሰው እንዲቀጥር ታስቦ ነበር።

ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ዛሬም ይህን ማቃለል አልፈልግም። ፒቪኤች ብቻውን አልመጣም። ከሕንዱ አርቪንድ ጋር በሽርክና የራሱን ስፌት ቤት ከፈተ፣ የለመዳቸውን አቅራቢዎችም አስከትሎ መጣ። የቻይናው ውሺ ጂንማኦ ጨርቅ ሊያመርት ገባ። ሂርዳራማኒ ከስሪላንካ፣ ኤፒክ ከሆንግ ኮንግ፣ ሌሎችም መጡ። ጨርቁ እዚያው ተሸምኖ፣ እዚያው ተቆርጦ፣ እዚያው ተሰፍቶ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ይወጣል ተባለ። ከዚያም አልፎ አንድ ቀን ጥጡም የእኛው ይሆናል፣ ከማሳው እስከ መስቀያው ሰንሰለቱ እዚሁ ይዘጋል የሚል ተስፋ ነበር።

አሁን ወደ ላይኑ እንግባ። አንድ የወንድ ሸሚዝ እንውሰድ።

ሥራው የሚጀምረው ከካቲንግ፣ ከጨርቅ ቆረጣው፣ ነው። ጨርቁ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ድርብርብ ሆኖ ይነጠፋል። ላዩ ላይ ማርከር የሚሉት ወረቀት ይቀመጣል። የሸሚዙ ክፍሎች ሁሉ፣ ጀርባው፣ ደረቱ፣ እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ጨርቅ እንዳይባክን ተጠጋግተው ወረቀቱ ላይ ተነድፈዋል። ቢላዋ ያለው ማሽን ድርብርቡን በአንዴ ይቆርጠዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት ይለጠፋል። ለምን? አንድ ጥቅል ጨርቅ ከሌላው ጥቅል ጋር ቀለሙ ፍጹም አንድ አይሆንም። የ17ኛው ንጣፍ ኮሌታ ከ17ኛው ንጣፍ ደረት ጋር ካልተገናኘ ሸሚዙ ከሩቅ ነጭ፣ ከቅርብ ግን ሁለት ዓይነት ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አብሮ ይጓዛል። ቁራጮቹ በባንድል ታስረው ወደ ስፌት ላይን ይገባሉ።

ኮሌታውን ብቻ እንከተል። ውስጡ ማጠንከሪያ ጨርቅ ገብቶ በፊውዚንግ ማሽን ሙቀት ይጣበቃል። አንዷ ልጅ ሁለቱን ፊት ገጥማ በግልባጩ ትሰፋለች። ሌላዋ ጫፉን ትከረክማለች፣ ትገለብጣለች፣ ሹሉን ታወጣለች። ሦስተኛዋ ጠርዙን ተከትላ ከላይ ትሰፋለች። አራተኛዋ አንገት ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው ባንድ ጋር ታጋጥመዋለች። የግራና የቀኙ ሹል ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተበላለጠ ኪውሲዋ (ጥራት ተቆጣጣሪዋ) ትመልሰዋለች። ኮሌታ የሸሚዝ ፊት ነውና እዚያ ላይ ይቅርታ የለም። ጥሩ የኮሌታ ኦፕሬተር በአንድ ሳምንት አትገኝም፤ እጅ እስኪለምድ ወራት ይፈጃል።

ለእያንዳንዷ ሥራ የተመደበ ደቂቃ አለ። ኤስ.ኤም.ቪ. የሚሉት ይህንን ነው። የሰለጠነች ኦፕሬተር ሳትቻኮል፣ ሳትለግም፣ ተገቢውን እረፍት ይዛ አንዱን ሥራ የምትጨርስበት ጊዜ ነው። የሁሉም ሥራ ደቂቃ ሲደመር የሸሚዙ ኤስ.ኤም.ቪ. ይወጣል። ለሒሳባችን 24 ደቂቃ እንበል። ላይኑ ላይ 40 ልጆች አሉ። ቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም 480 ደቂቃ ነው። 40 በ480 ሲባዛ 19,200 ደቂቃ ይሆናል። ለ24 ሲካፈል 800 ሸሚዝ። ላይኑ ያወጣው 400 ብቻ ከሆነ ኢፊሸንሲው 50 በመቶ ነው ይባላል። ጠዋት ጠዋት ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ታርጌት፣ የሱፐርቫይዘሩ ጩኸት፣ የኦቨርታይሙ ጥያቄ፣ ሁሉም የሚመነጩት ከዚህች ማካፈል ነው።

እዚህ ላይ ደመወዝ ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ስለ ሐዋሳ ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ። በዚያው ጥናት ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ያኔ ፓርኩ ውስጥ 25 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበር። አብዛኞቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከ750 ብር ላይ የቤት ኪራይ ሲነሳ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ከተማ ኖሮ ለሚያውቅ አይነገረውም። ልጆቹ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተካፍለው ነው የሚኖሩት። ለቤተሰብ ልካለሁ ብላ የመጣች ልጅ ከቤት ገንዘብ እያስላከች ትኖራለች።

ውጤቱ ምን ሆነ? መልቀቅ። ጥናቱ እንዳገኘው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ የሠራተኞቻቸውን ቁጥር ያህል ሰው በሙሉ ይተካሉ። ይህን ከኮሌታዋ ልጅ ጋር አያይዙት። እጇ ሲለምድ ትሄዳለች። በእሷ ቦታ አዲስ ትቀመጣለች። ኢፊሸንሲው ከፍ ሊል ሲል ይወርዳል። ብዙ ባለሀብት «የኢትዮጵያ ሠራተኛ ምርታማ አይደለም» ሲል ይሰማል። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። በ26 ዶላር የሚቆይ የሠለጠነ እጅ የትም አገር የለም።

አሁን ሒሳቡን እንጨርስ። በወር 26 የሥራ ቀን ብንይዝ 208 ሰዓት፣ ወይም 12,480 ደቂቃ ይሆናል። 26 ዶላር ለዚህ ሲካፈል የአንዷ ደቂቃ ዋጋ የአንድ የአሜሪካ ሳንቲም አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ላይኑ በ50 በመቶ የሚሠራ ከሆነ ሸሚዙ በተግባር 48 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ ሸሚዝ ላይ የሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ 10 ሳንቲም ነው። የሱፐርቫይዘሩ፣ የምሳው፣ የሰርቪሱ ወጪ ለብቻው ነው። የስፌቷ ዋጋ ግን ይኸው ነው። ደመወዙ እጥፍ ቢሆን ሸሚዙ ላይ የሚጨመረው 10 ሳንቲም ብቻ ነበር።

ሸሚዙን የሚሸጠው ማን ነው? ብዙዎቻችን ፋብሪካው ሸሚዝ የሚሸጥ ይመስለናል። በሲ.ኤም.ቲ. ውል ሸሚዙ የፋብሪካው አይደለም። ገዢው ጨርቁን ይልካል፣ አክሰሰሪውን ይልካል፦ አዝራሩን፣ ክሩን፣ ሌብሉን፣ የዋጋ ካርዱን ሳይቀር። ንድፉም የሱ ነው። ፋብሪካው የሚሸጠው መቁረጥን፣ መስፋትንና ማጠናቀቅን ነው። በግልጽ ቋንቋ ደቂቃ ነው የሚሸጠው። በኤፍ.ኦ.ቢ. ውል ግን ፋብሪካው ራሱ ጨርቅ ገዝቶ፣ አክሰሰሪ ገዝቶ፣ ያለቀ ሸሚዝ መርከብ ላይ አስጭኖ ያስረክባል። ትርፉ ይሻላል፣ ከገዢው ጋር ለመደራደርም አቅም ይሰጣል። ግን ጨርቅ ከመግዛት በፊት ዶላር ይጠይቃል። ኤል.ሲ. (ለውጭ ግዢ ባንክ የሚሰጠውን የክፍያ መተማመኛ) ለማስከፈት ወራት ወረፋ በሚጠበቅበት አገር ኤፍ.ኦ.ቢ. መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደነበር አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል። ገዢው ደግሞ በኤፍ.ኦ.ቢ. ውልም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጨርቁ ከየትኛው ፋብሪካ እንደሚገዛ ራሱ ይወስናል። ከሸሚዝ ዋጋ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የጨርቁ ነው፤ ያ ድርሻ በአብዛኛው ወደ እስያ ይሄዳል።

ጨርቁ ከእስያ መጥቶ እንዴት «የኢትዮጵያ ምርት» ይሆናል? የጉዳዩ ሥር እዚህ ነው። ግንቦት 1992 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት አጎዋ ለአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መግባትን ፈቀደ። ሕጉ በሰኔ 2007 ዓ.ም. እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. ተራዘመ። አሜሪካ በሌሎች የንግድ ስምምነቶቿ ብዙውን ጊዜ ክሩም፣ ጨርቁም፣ ስፌቱም ከስምምነቱ አገሮች ይሁን ትላለች። በአጎዋ ግን ኢኮኖሚያቸው ዝቅ ላሉ አገሮች ልዩ በር ተተወ። ጨርቁ ከየትም ይምጣ፣ ከቻይናም ቢሆን፣ ስፌቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተከናወነ ልብሱ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። የሦስተኛ አገር ጨርቅ ድንጋጌ የሚሉት ይህ ነው።

በሩ በወረቀት ላይ ምን ይመስላል? በዋናው የሽያጭ ደረሰኝ ፊት ላይ ክብ፣ በሰማያዊ ቀለም የተመታ ማኅተም ነው። ማኅተሙ ውስጥ ዘጠኝ ምልክት አለ፦ የጨርቁን ዓይነት ሁኔታ የምትገልጽ አንድ ቁጥር፣ የአገሪቱ መለያ ሁለት ፊደል፣ ስድስት ተራ ቁጥር። የአሜሪካ ጉምሩክ ይህችን ማኅተም ሲያይ ቀረጡን ዜሮ ያደርጋል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያች ማኅተም ለኢትዮጵያ ልብስ ዋጋ አጣች።

ማኅተሟ ስትወድቅ ምን መጣ? የወንድ የጥጥ ሸሚዝ የአሜሪካ መደበኛ ቀረጥ 19.7 በመቶ ነው። የጥጥ ቲሸርት 16.5፣ የጥጥ ሱሪ 16.6፣ ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ቲሸርት ደግሞ 32 በመቶ ይደርሳል። ሸሚዛችን ጉምሩክ ላይ 8 ዶላር ተገመተ እንበል። ቀረጡ 1 ዶላር ከ58 ሳንቲም ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። በሲ.ኤም.ቲ. የሠራ ፋብሪካ «እኔ ያስከፈልኩት የስፌት 1 ዶላር ከ50 ነው፣ ቀረጡም በዚያ ላይ ይሁን» ማለት አይችልም። ገዢው በነጻ የላከው ጨርቅና አክሰሰሪ ዋጋው ተደምሮ ነው ቀረጡ የሚሰላው። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ ቀረጡ ፋብሪካው ለሥራው ሁሉ ከሚያስከፍለው ይበልጣል። ሰፊዎቹ ከሚያገኙት 10 ሳንቲም ጋር ሲተያይ ደግሞ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ልጆቹን ያለ ደመወዝ ብታሠራቸው እንኳ ክፍተቱ አይሞላም።

«ርካሽ ጉልበት አለን» ብለን ለዓመታት ስንናገር የቆየነው ነገር ያን ቀን ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ ታየ። ባለሀብቱን ያመጣው ርካሽ ጉልበቱ ብቻ አልነበረም፤ የሦስተኛ አገር ጨርቅ በሩም ጭምር ነበር። ባንግላዴሽ ልብሷን ወደ አሜሪካ የምታስገባው ቀረጥ እየከፈለች ነው። ግን ጨርቅና ክር የሚያመርቱ የራሷ ፋብሪካዎች አሏት፣ ልምድ አላት፣ ወደብ አላት። እኛ ጨርቁን በመርከብ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ ሐዋሳ አምጥተን፣ ሸሚዙን በዚያው መንገድ መልሰን ነው የምንወዳደረው። ያን ሁሉ ጉዞ የሚያካክሰው ዜሮ ቀረጡ ነበር።

60 ቀኑንም ልብ በሉ። በዚህ ሥራ ከትእዛዝ እስከ ጭነት ሦስት አራት ወር መውሰዱ የተለመደ ነው። ጥቅምት ላይ ካቲንግ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ጨርቅ ለመጪው ወቅት የታዘዘ ነው። ጉምሩክ ደግሞ የሚያየው ልብሱ የተጫነበትን ቀን ሳይሆን አሜሪካ የገባበትን ቀን ነው። ባሕር ላይ ያለ ኮንቴይነር እንኳ ቀኑ ካለፈበት ቀረጥ ይጠብቀዋል። ገዢ የሚያደርገው የታወቀ ነው፦ አዲሱን ትእዛዝ ወደ ኬንያ፣ ወደ ማዳጋስካር፣ አጎዋ ወዳላቸው ያዞራል። ጨርቁ የራሱ ነው፣ ንድፉ የራሱ ነው፣ ማርከሩ በኢሜይል ይላካል። ሐዋሳ የሚቀረው ሼዱ፣ መኪናውና ልጆቹ ናቸው።

ሁሉም አልሄደም። አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደ አውሮፓ አዞሩ። የአውሮፓ ኅብረት ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም ምርት ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅድበት ሥርዓት ለኢትዮጵያ ክፍት ነው። ከታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ወዲህ እዚያም ስፌቱ ብቻ እኛ ዘንድ ከተሠራ ይበቃል፤ ጨርቁ ከየትም ይምጣ። ግን አሜሪካን የለመደ ፋብሪካ በአንድ ሌሊት የአውሮፓ ገዢ አያገኝም። የአሜሪካ ትእዛዝ አንድ ዓይነት ሸሚዝ በገፍ ነው። አውሮፓ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ አነስ ያለ፣ ሞዴሉ የበዛ ትእዛዝ ይሰጣል። ሞዴል በተቀየረ ቁጥር ላይኑ እንደገና ይደራጃል፣ ኢፊሸንሲ ይወርዳል። እጅ የለመዱ ኦፕሬተሮች ያስፈልጋሉ፤ እነሱን ደግሞ በየዓመቱ ስናጣ ኖረናል። ፓርኩ ለአገር ውስጥ ገበያ እንዲሸጥም ተፈቀደለት። ለጊዜው እስትንፋስ ሆነ፣ ዶላር ግን አያመጣም።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በሲ.ኤም.ቲ. ለሚሠራ ፋብሪካ ይህ ሲሳይ ነው። ክፍያው በዶላር ይገባለታል፣ ደመወዝ የሚከፍለው በብር ነው፣ ጨርቁን የሚያመጣው ገዢው ነው። በኤፍ.ኦ.ቢ. ሊያድግ ለሚፈልገው ግን ጨርቅ መግዣው በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የምንዛሪ ለውጡ ደቂቃ ሻጩን ጠቀመ፣ ጨርቅ ገዢውን አከበደ። ከአዋሽ ጥጥ ተለቅሞ፣ እዚሁ ተዳምጦ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ሸሚዝ የሚሆንበት መንገድ ካልተሠራ ፋብሪካዎቻችን ሲ.ኤም.ቲ. ላይ እንደተቸከሉ ይቀራሉ።

ከምንዛሪው የተገኘው ልዩነት ለማን ይሁን? በእኔ እምነት መጀመሪያ ለኮሌታዋ ልጅ ነው። በብር የሚከፈላት ደመወዝ በዶላር ሲታይ በአንድ ክረምት ግማሽ ሊሆን ተቃርቧል፣ የዘይቱና የኪራዩ ዋጋ ግን አብሮ አልወረደም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ቦርዱን የሚያቋቁመው ደንብ ግን ለዓመታት ሳይወጣ ቆየ። ፋብሪካ ከገዢ ጋር ሲደራደር ዋጋውን የሚያወጣው በደቂቃ ነው። የሠራተኛ ማኅበሩም ድርድር ሲቀመጥ ያንኑ ወረቀት ይጠይቅ፦ የዚህ ሸሚዝ ኤስ.ኤም.ቪ. ስንት ነው፣ ገዢው ለደቂቃው ስንት ከፈለ፣ ከዚያ ውስጥ ለሰፊዋ የደረሰው ስንት ነው?